ለዝምታዬ የተጠራ ዋስ

«ዋስ እንሆናለን» አሉ ሐጂ ኡመር፣ ሽርጣቸውን ጠበቅ አድርገው። ከኋላቸው የቆሙት የአፋር ሽማግሌዎችም አንድ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለማን?»

«ለልጃችን ለአሲያ። ሰው አቁስላ ከሆነ እንክሳለን። የሰው ዕቃ አንስታ ከሆነ እንመልሳለን። ልጅ ናት፣ እስር ቤት አትግባብን።»

«አሲያ እኮ አልታሰረችም።»

ሐጂ ኡመር ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው በአፋርኛ ጥቂት ተባባሉ። የሚያስደስት ወሬ ሲሰሙ ሰዎች እንዲያ ግራ ሲጋቡ አይቼ አላውቅም። «አልሐምዱሊላህ» አሉ በመጨረሻ። «ካልታሰረች ታዲያ ፍርድ ቤት ምን ትሠራለች?»

«እሷ ሆስፒታል ናት። እዚህ ያሉት አያቷ ናቸው» አሉ ዳኛዋ። በዚህ ጊዜ በችሎቱ ያለ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ከኋላዬ ግድግዳ ብቻ ነበር።

«ውጭ ዛፉ ሥር የታሰረው ግመልስ የእናንተ ነው?» ብለው ጠየቁ ዳኛዋ።

«ለካሳ ያመጣነው ነው።»

የዚያን ዕለት በሰመራ ፍርድ ቤት ግቢ የታሰረ ቢኖር ግመሉ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ከየት መጣ ብትሉ፣ ከእኔ አፍ ነው የመጣው፤ ይልቁንም ከአፌ ካልወጣው። ስሜ ተሰማ ነው። ስሜ ይህ ይሁን እንጂ ድምፄን የሰማ ሰው ጥቂት ነው። አዋሽ ላይ የከባድ መኪና ጎማ ስጠግን አረጀሁ፤ የጅቡቲ መንገድ ሾፌሮች «አባ ዝምታ» ይሉኛል። ጎማ ጥሩ ሥራ ነው፣ አያናግርም። ፊደል ስላልቆጠርኩ ይህን ታሪክ እኔ እናገራለሁ፣ ሌላ ሰው ይጽፋል። ስለዚህ ደስ የሚል ቃል ካገኛችሁ የጸሐፊው ነው፤ ሞኝነቱ ግን ሙሉ በሙሉ የራሴ። ደግሞ «ዝምተኛ ነኝ ባይ ይህን ሁሉ ወሬ ከየት አመጣው?» እንዳትሉኝ። አዋሽንም በበጋ ያየው ሰው የሚሞላ አይመስለውም። ደጋው ሲዘንብ ነው ጉዱ።

ዝምታ ግን ትልቅ ስም ያለው ነገር ነው። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ይህን ያለ ሰው የአዋሽን ዝንብ አላየም፤ የእኛ ዝንብ አፍ ቢዘጋበት በአፍንጫ ይመጣል። የሆነ ሆኖ በዚህ ተረት አምኜ ኖርኩ። ዝም ያለ ሰው ስታዩ አስተዋይ ይመስላችኋል። ሰው ሲጣላ ለሽምግልና ይጠሩኛል፣ ሄጄ ቁጭ እላለሁ፣ አንዳች ሳልናገር ይታረቃሉ፣ ከዚያ «ጋሽ ተሰማ ባይኖሩ ምን እንሆን ነበር» ይባላል። እኔም ቀስ በቀስ አመንኩላቸው። ሰው ስለ ራሱ የሚነገረውን ሐሜት ለማመን ዓመት ይፈጅበታል፣ ምስጋና ግን በዚያው ቀን ይዋሐደዋል።

አሲያ የልጄ ልጅ ናት። ገና ጡት ሳትጥል እናቷ ሞተችባት። አባቷ ዓሊ የአፋር ልጅ ነው፣ የሐጂ ኡመር የወንድም ልጅ፤ በጅቡቲ በኩል ባሕር ከተሻገረ ዓመታት አልፈዋል፣ ድምፁም የለም። እኔና እሷ አዋሽ ላይ ሁለታችን ብቻ ኖርን። ልጅቱ ለፍላፊ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመጣ የመምህራኑን አነጋገር፣ የጓደኞቿን ኩርፊያ፣ መንገድ ላይ ያየችውን ፍየል ሳይቀር ትተርክልኛለች። ቤቴ ሬዲዮ ገብቶ አያውቅም፤ አላስፈለገኝም።

ከዚያ አንድ ክረምት ወሬዋ እየሳሳ ሄደ። በመጀመሪያ ፍየሎቹ ጠፉ፣ ቀጥሎ ጓደኞቿ፣ በኋላም መምህራኑ። ሳህኗን ሳትነካው አንስታ ታጥበው ጀመር። ተኝታ ስትነቃ ያልተኛ ሰው ትመስላለች። እኔ ይህን ሁሉ አየሁና ምን አልኩ? ዐደበች አልኩ። ጨዋ ሆነች፣ ቁም ነገር ገባት አልኩ። ይባስ ብዬ ኮራሁ። ለጎረቤቴ «በእኔ ወጣች» አልኩት፤ በዚያ ሰሞን ከአፌ ከወጣው ሁሉ ረጅሙ ንግግር ይኸው ነበር። ሁለት ሰዎች በአንድ ቤት ዝም ሲሉ፣ አንዱ በጠባዩ ሌላው በሕመሙ፣ ከውጭ ለሚያይ ልዩነት የለውም። ከውስጥ ለሚያየውም አልነበረውም።

መምህርቷ ግን ለየች። ከደጋ የመጣች ቀጭን ሴት ናት፣ ቆቅ ትመስላለች፤ ሁለት ጊዜ ቤቴ መጥታ «አባባ፣ አሲያ ደህና አይደለችም» ብላኛለች። ሁለቱንም ጊዜ «እንግዲህ» አልኳት። «እንግዲህ» የሚለውን ቃል የፈጠረ ሰው ዕድሜው ይርዘም፤ ስንት ቦታ አድኖኛል። ሦስተኛውን ግን መምህርቷ እኔን አልጠበቀችም። እኔ መልካ ወረር ለቅሶ በሄድኩበት ቀን አሲያ ክፍል ውስጥ ወደቀች፣ ጤና ጣቢያ ወሰዷት፣ ከዚያም በአምቡላንስ ሰመራ፤ የአእምሮ ሐኪም እንዲያያት።

ስመለስ የመጀመሪያ ቃሌ ምን እንደነበር ልነግራችሁ ያሳፍረኛል፦ «እኔ ሳልጠየቅ?» አልኩ። ተጠይቆ የማይመልስ ሰው አለመጠየቁ እንዴት እንደሚያንገበግበው ያየሁት ያኔ ነው።

የአእምሮ ሕመም ሲባል በሌላ አገር ስንት ዓይነት ስም እንዳለው አላውቅም። በእኛ ሰፈር ያለው ስም አንድ ነው፣ እሱም ድንጋይ ያስወረውራል። ስለዚህ ሳልውል ሳላድር ላወጣት ወሰንኩ። ቤቷ ትመለስ፣ ጸበልም እወስዳታለሁ፣ ሰውም ሳይሰማ ይለፍ ብዬ በተሳቢ ተሳፍሬ ሰመራ ወረድኩ። አሲያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ስሟን ስጠራት አልዞረችም። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትዕግሥተኛ። «አባት፣ ገና ናት» አለኝ። «አሁን ብትወጣ መብላቱንም እንደገና ትተወዋለች፣ በሕይወቷ ያሰጋናል። ደግሞ አካለ መጠን አልደረሰችም፤ የምናነጋግረው ወላጅን ወይም ፍርድ ቤት የሾመውን አሳዳሪ ነው።»

«እኔ ነኝ ያሳደግኳት።»

«አሳድገዋታል። አሳዳሪነቱን ግን ፍርድ ቤት አልሰጠዎትም።»

ለካ እነዚህ ሁለት ነገሮች ናቸው። ልጅን ከጡት አንስቶ ማብላት አንድ ነው፣ ማብላትህን ማሕተም ያለው ሰው ማወቁ ሌላ።

ሐኪሙ በሕይወቷ ያሰጋናል ያለውን ሰማሁ ወይ? በጆሮዬ ሰማሁ። ልቤ ግን «ፍርድ ቤት» በሚለው ቃል ተይዞ ቀረ። አዋሽ ተመልሼ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ሬጅስትራሩ ወንበር ሰጥቶ አስተናገደኝ።

«ልጅቷ አሁን የት ናት?»

«ሰመራ።»

«እንግዲያው ጉዳዩን የማየት ሥልጣን ያለው ልጅቷ የምትገኝበት ፍርድ ቤት ነው፣ አባት። ሰመራ ይሂዱ።»

ሰመራ ሄድኩ። እዚያም ወንበር ሰጡኝ።

«ልጅቷ ነዋሪነቷ የት ነው?»

«አዋሽ።»

«እንግዲያው ሥልጣኑ የመኖሪያዋ ፍርድ ቤት ነው፣ አባት። አዋሽ ይሂዱ።»

ሁለቱም በትሕትና ነው የመለሱኝ፤ በትሕትና የተመለሰ ሰው ደግሞ በምን ይናደዳል? በሕግ አምላክ ሲሉት ወራጅ ውኃ ይቆማል ይባላል። እኔን ግን እንዲያው ያፈሰሰኝ እሱ ራሱ ሆነ፤ ወደ ላይ አዋሽ፣ ወደ ታች ሰመራ። በየመካከሉ ቀጠሮ፣ ተለዋጭ ቀጠሮ፣ ዳኛ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ መብራት የለም። አንድ ጊዜማ ሰመራ ዳኛዋ ፊት ቀርቤ በመንገዱ ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ክብርት ዳኛ፣ ጎማ የሚጠገነው በፈነዳበት ቦታ ነው እንጂ መኪናው ሰሌዳ ባወጣበት ከተማ አይደለም፤ ልል ነበር። አፌን ስከፍት «ጎማ» የሚለው ብቻ ወጣ።

«የምን ጎማ?» አሉ ዳኛዋ።

«ምንም» አልኩ።

መዝገብ ላይ «ምንም» ተብሎ ተጽፎ ይሆናል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሰው መሟገት ሲጀምር የሚሟገትበትን ነገር ይረሳል። ሰመራ በወረድኩ ቁጥር አሲያን እጠይቃለሁ። በመጀመሪያው ግድግዳ ታያለች። በሚቀጥለው ዞራ አየችኝ። ከዚያ በኋላ ስሄድ ውኃ ራሷ ጠይቃ ጠጣች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከነርሷ ጋር ስለ ጸጉር አሠራር ስትከራከር ደረስኩ፤ በርግጥ ስገባ ዝም አለች። ይህን ሁሉ በዓይኔ አየሁ። አንድ ጤነኛ ሰው ይህን ቢያይ «ትንሽ ትቆይ» ይላል። እኔ ግን «አሁንማ ድናለች፣ በቶሎ ላውጣት» እያልኩ ወደ ፍርድ ቤቱ እሮጣለሁ። አሁን ሳስበው፣ ሁለቱ ፍርድ ቤቶች «ያንተ ነው» «ያንተ ነው» ባይባባሉ ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት እጇን ይዤ አውጥቻት ነበር። ልጅቷን መድኃኒቱ አዳናት ይላሉ፤ መድኃኒቱ እንዲሠራ ጊዜ የሰጠው ግን የሥልጣን ጭቅጭቅ ነው። እንዲህ ያለ ምስጋና ለየትኛው ችሎት እንደሚቀርብ አላውቅም፤ ባቀርበውም ሥልጣን የለንም ይሉኛል።

ወደ ግመሉ ልመለስ። ለመጨረሻው ቀጠሮ ስወርድ የተሳፈርኩበት መኪና ገዋኔ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ምሳ ሲበላ እኔ ጥላ ፈልጌ ተቀመጥኩ። አንድ የማውቀው የአፋር ሰው፣ ፍየል ነጂ፣ አየኝና መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ይህ ማለት ምን እንደሆነ አፋር አገር የኖረ ያውቃል። ዳጉ ነው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነጋገራል፤ የሰማው ደግሞ ቀጥሎ ለሚያገኘው ሰው ያደርሳል። ኔትወርክ ይጠፋል፣ ዳጉ አይጠፋም። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ግን መንገድ ላይ የተቀመጠ ኬላ ነው።

«ምን አየህ? ምን ሰማህ?» አለኝ።

«ሰላም ነው።»

«ወዴት ነህ?»

«ሰመራ።»

«ለምን?»

ሆስፒታል ልል ነበር። ምላሴ እምቢ አለ። ይህ ሰው የሐጂ ኡመር ወገን ነው፤ ዛሬ ብነግረው ነገ ጎሳው ሁሉ ይሰማል፣ «ልጃችንን አሳበድካት» ይሉኛል፣ ይወስዱብኛል። ስለዚህ ከእውነቱ ውስጥ የምታምረውን ግማሽ መርጬ ሰጠሁት። «የአሲያ ጉዳይ ፍርድ ቤት ነው።» ፍርድ ቤት መሄድ ምን ነውር አለው? ከብት የተሰረቀበትም ይሄዳል።

«ምን ሆና?»

«እንግዲህ» አልኩት።

ሰውየው ወዳጄ ነው፣ እውነተኛ ነው፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። እንደሰጠሁት አደረሰው፦ የዓሊ ልጅ ሰመራ ፍርድ ቤት ናት፣ ምን እንዳደረገች አያቷ ለመናገር አፍሯል። እስቲ እናንተ ሐጂ ኡመርን ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? የእኔ መኪና ሚሌ ላይ ተበላሽታ አደረች። ወሬው ግን ጎማ የለውም፣ አይፈነዳም። በማግስቱ ጠዋት ሰመራ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ግመላቸውን በአይሱዙ ጭነው ቀድመውኛል፣ የወገብ ጩቤያቸውን፣ ጊሌያቸውን፣ በር ላይ ለጥበቃው አስረክበው ችሎት ገብተዋል።

እንግዲህ ያ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ያረፈው በዚህ ጊዜ ነው።

«አባት፣ ለእነዚህ ሰዎች ምን ነገሯቸው?» አሉኝ ዳኛዋ።

«ምንም።»

«እሱስ ይታያል» አሉ። «አሁን ልጅቷ ምን ሆና ሆስፒታል እንደገባች ራስዎ ይንገሯቸው።»

ዝም አልኩ። ዳኛዋም ዝም አሉ። በዝምታ ከእኔ ጋር የተወዳደረ ሰው እስከዚያ ቀን አላጋጠመኝም ነበር፤ እሳቸው ግን ደመወዝ እየተከፈላቸው ነው ዝም የሚሉት፣ አሸነፉኝ።

«መናገር ተወች» አልኩ። «መብላትም፣ መተኛትም። ትምህርት ቤት ወደቀች።» ከዚህ በኋላ ማቆም ነበረብኝ፣ ግን አፌ አንዴ ተከፍቷል። «እኔ ጨዋ ሆነች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ሰው የሚስቅ መስሎኝ ነበር። እናንተ ብትስቁ አይከፋኝም። እዚያ ግን ማንም አልሳቀም። ሐጂ ኡመር አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ።

«ተሰማ» አሉኝ። «ግመል ሲታመምብን እንኳ በዳጉ እንናገራለን። መድኃኒት የሚያውቅ ሰው ይሰማል ብለን። አንተ ልጅ ትደብቃለህ?»

«ትወስዱብኛላችሁ ብዬ ነው።»

«አጥንቷ የእኛ ነው፣ ወላሂ» አሉ። «ዝምታዋ ግን ካንተ የመጣ ነው። እሱን ማንም አይወስድብህም፣ አትስጋ።» አሁን ተሳቀ። ከዳኛዋ በቀር፤ እሳቸው ወረቀት ያገላብጡ ነበር።

ቀና ሲሉ እንዲህ አሉ፦ «ልጅቷ ሆስፒታል ተኝታ ሁለት ፍርድ ቤት መዝገብ ሲገፋፋ አይኖርም። ያለችው እዚህ ነው፣ ሕክምናዋ እዚህ ነው፣ ዘመዶቿም ይኸው መጥተዋል። ጉዳዩን ይህ ችሎት ያየዋል። አባቷ እስኪገኝ አሳዳሪ ማን ይሁን?»

ሽማግሌዎቹ ሊመክሩ ወጡ። በመስኮት አያቸዋለሁ፤ ግመሉን ከበው ቁጢጥ ብለዋል፣ እሱም የሚመክር ይመስላል። የፈራሁት ቀን በእግሩ ሳይሆን በእኔ አፍ ተጠርቶ መጣ፣ ልጄን በገዛ «እንግዲህ»ዬ ላጣት ነው እያልኩ ነው። ሲመለሱ ሐጂ ኡመር ቆመው ተናገሩ።

«አያቷ ይሁን። ያሳደጋት እሱ ነው፣ ልጅቷም የለመደችው እሱን ነው። ግን ዋስ ያስፈልገዋል።»

«የምን ዋስ?» አሉ ዳኛዋ።

«እንዲናገር። በልጅቷ የሚሆነውን፣ ደጉንም ክፉውንም፣ ለእኛም ለሐኪሙም እንዲናገር። ዝም ካለ እኛ እንጠየቃለን። ዋስ እንሆናለን።»

«እንዲህ ያለ ዋስትና በሕግ አላውቅም» አሉ ዳኛዋ፣ መነጽራቸውን እያጠለቁ። «ግን አልከለክልም።»

ለልጅቱ ዋስ ሊሆኑ መጥተው ለእኔ ሆነው ሄዱ። ግመሉም በመጣበት አይሱዙ ተመለሰ፤ በዚህ ጉዳይ ያለ ጥፋቱ የተንገላታ እሱ ብቻ ነው።

ከመውጣቴ በፊት ዳኛዋ ጠሩኝ። «አባት፣ ሥልጣኑ ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎ ነው። ግን ከመጠቀምዎ በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ። ልጅቷን ደግሞ መጀመሪያ።»

ሥልጣን እንዴት ያለ ነገር ነው። ያን ሁሉ ጊዜ በመኪና ሳሳድደው ከርሜ ድንገት እጄ ሲገባ ወደ ሆስፒታሉ ስሄድ አረማመዴ ተለወጠ። የበሩ ጥበቃ ሲያስቆመኝ «አሳዳሪ ነኝ» አልኩት። «ፍተሻ ለሁሉም ነው፣ አባባ» አለኝ።

አሲያ ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፍ ሥር ነበረች። ጸጉሯን ተሠርታለች። ፊቷ ሥጋ ዘርቷል። ስታየኝ ፈገግ አለች፣ አጠገቧም ቦታ ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ። እንደ ልማዳችን ዝም ተባባልን፤ ነገር ግን ይህ ዝምታ እንደ ድሮው አልሆነልኝም፣ እንደ ጠበበ ጫማ ቆረቆረኝ።

«ፍርድ ቤት አሳዳሪ አድርጎኛል» አልኳት። «ልወስድሽ እችላለሁ። ሥልጣን አለኝ።»

«ሰማሁ» አለች።

«ከማን?»

«ሐጂ ኡመር ካንተ በፊት መጥተው ነበር። ሁሉንም ነገሩኝ።» ትንሽ ሳቀች። «የግመሉንም።»

ድምፅዋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ። ትንሽ ሻክሯል፣ የእናቷን ይመስላል። ይህን ልነግራት አሰብኩና እንደ ጎማው ንግግር ሳይወጣ ቀረ። ግን ዋስ የሆኑልኝ ሰዎች ትዝ አሉኝ፤ እንደ ምንም ብዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ጠይቄ የማላውቀውን ጥያቄ ጠየቅኋት።

«አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

አየችኝ። ጥያቄው የእኔ መሆኑን የምታረጋግጥ ትመስል ነበር።

«ልቆይ» አለች። «ገና አልጨረስኩም።»

«እሺ» አልኩ። ሐኪሙ ከሕንጻው ወጥቶ ወደ እኛ ሲመጣ አየሁት። እኔም፣ አሳዳሪ አይደለሁ እንዴ፣ ልብሴን አስተካክዬ፣ አገጬን አቅንቼ፣ የሚሉትን ልሰማ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። አሲያ ትከሻዬን በእጇ ነካ አደረገችኝ።

«አባባ፣ አንተ አሁን ሂድ። ለሐኪሙ የምነግረው አለኝ፣ አንተ ፊት ግን አልችልም።»